«ኔመሲስ»፦ ልክ አስገቢ ወይስ የጎን ውጋት?

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በስፖርት ገጻችሁ ላይ «ኔመሲስ» የሚለው ባዕድ ቃል በፊደላችን ተጽፎ ደጋግሞ ይታያል። አንዱ ጸሐፊ የማይሸነፍ ባላንጣ ለማለት ይጠቀምበታል፤ ሌላው «ደመኛ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በሚቀጥለው እሑድ ከቡድኑ ጋር የሚጋጠመውን ማንኛውንም ክለብ በዚሁ ስም ይጠራዋል። አንባቢ ከሦስቱ የትኛውን ይያዝ? ባንክን፣ ፖሊስንና ስታዲየምን ከውጭ ተቀብለን የራሳችን አድርገናልና ቃሉ ባዕድ በመሆኑ ብቻ ይወገድ አልልም። የምጽፈው ቃሉ ረጅም ታሪክ ያለው፣ በጉዞውም የትርጉሙን ዋና ክፍል የጣለ በመሆኑ፣ አማርኛም ለጥንቱና ለአሁኑ ትርጉሙ ሁለት የተለያዩ አነጋገሮች ስላሉት ነው። ሁለቱን ሳንለይ ከተጠቀምንበት ልናከብረው የፈለግነውን ተሸናፊ ሳናስበው በደለኛ እናደርገዋለን።

ቃሉ የግሪክ ነው። ሥሩ «ኔሞ» የሚል ግሥ ሲሆን ፍቺውም ማከፋፈል፣ ማደል፣ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ድርሻ መስጠት ነው። እኛ «ዐደለ» ከሚለው ግሥ «ታደለ»፣ «ያልታደለ» እና «ዕድል» የሚሉትን እንዳወጣን ሁሉ ግሪኮችም ከማከፋፈል ግሥ «ኔመሲስ»ን አውጥተዋል። ይሁን እንጂ የእኛ ዕድል መልካሙንም ክፉውንም እኩል ሲሸከም፣ የእነርሱ ቃል ከድርሻው አልፎ ለወሰደ፣ ከመጠን በላይ ለከበረ ወይም ለታበየ ሰው የሚመጣበትን ዋጋ፣ እንዲሁም ያንን ትዕቢት የሚያይ ሰው የሚሰማውን ተገቢ ቁጣ ወደ መግለጽ አደላ። አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ሲያስተምር ይህን ስሜት በሁለት ክፉ ነገሮች መካከል ያስቀምጠዋል፤ በአንድ ወገን በሌላው ሰው መልካም ነገር ሁሉ የሚቃጠል ምቀኝነት፣ በሌላ ወገን በሰው መከራ የሚደሰት ክፋት አለ፤ ኔመሲስ ግን ሰው የማይገባውን ሲያገኝ ብቻ የሚያዝን ልብ ነው። ይህን መለየት ለእኛም ይጠቅማል፤ በንግግራችን ለፍትሕ የተቆጣውንም ምቀኛ ማለት እየተለመደ ነውና።

ስሜቱ በግሪኮች ዘንድ አምላክ ተደርጎም ተመልኳል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ700 ዓመት ገደማ የነበረው ባለ ቅኔ ሄሲዮድ ኔመሲስን የሌሊት ልጅ ይላታል፤ በሌላ ስፍራም የሰው ልጅ ፈጽሞ በከፋበት ዘመን አይዶስና ኔመሲስ ነጭ ልብሳቸውን ተከናንበው ምድርን ትተው እንደሚሄዱ ይናገራል። አይዶስ በእኛ አነጋገር ሐፍረትንና ይሉኝታን አንድ ላይ የምትይዝ ናት። ሁለቱን ማጣመሩ ጥልቅ አስተዋይነት ይመስለኛል፤ ይሉኝታ ሰውን ከውስጥ ስትይዘው ኔመሲስ ከውጭ ትይዘዋለች። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስም የልድያው ንጉሥ ክሮይሶስ ከሰው ሁሉ እኔ ብፁዕ ነኝ ብሎ በማሰቡ ከአምላክ የሆነ ታላቅ ኔመሲስ እንዳገኘው ጽፏል። ክሮይሶስን ያገኘው መከራ የልጁ ሞት ነበር፤ ያም ልጅ የሞተው ሊጠብቀው በተላከ፣ ክሮይሶስም በእንግድነት ተቀብሎ ባስጠለለው ሰው እጅ በስሕተት ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ባላንጣ የሚባል ሰው ከቶ የለም።

ስለ ቤተ መቅደሷ የሚነገረውን ታሪክ ለአንባቢዎቻችሁ በተለይ ላካፍል እወዳለሁ። የኔመሲስ ስመ ጥር መቅደስ የነበረው ከአቴና በሰሜን ምሥራቅ በኩል በባሕር ዳር በምትገኘው በራምኑስ ነው። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. አገሩን ዞሮ ያየው ተጓዥ ጳውሳንያስ፣ ራምኑስ ከማራቶን 60 ስታድዮን ያህል እንደምትርቅ ጽፏል፤ ይህም በዛሬው ልክ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አዲስ አበባ መካከል የታክሲ ረዳት «ስታዲየም፣ ስታዲየም» እያለ የሚጠራው ስም የመጣው ከዚሁ የርዝመት መለኪያ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ማስታወስ ይቻላል። ጳውሳንያስ እንደሚተርከው ፋርሳውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት በማራቶን ሲወርዱ ድሉ የእነርሱ እንደሆነ ስለተማመኑ የድል ሐውልታቸውን የሚሠሩበትን እብነ በረድ ከፓሮስ ደሴት ይዘው መጥተው ነበር። ተሸነፉ፤ እብነ በረዱም ተወስዶ የኔመሲስ ምስል ተቀረጸበት። ጳውሳንያስ ቀራጩን ፊዲያስ ሲለው ሌሎች ደቀ መዝሙሩን አጎራክሪቶስን ይጠራሉ፤ ከምስሉ ራስ የተረፈው ቁራጭ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ይታያል።

ጳውሳንያስ ምስሏን ሲገልጽ ነገሩ ወደ እኛ ቀረብ ይላል። በግራ እጇ የፖም ቅርንጫፍ፣ በቀኝ እጇ ደግሞ ጽዋ ይዛ ነበር፤ በጽዋው ላይ የተቀረጹት ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በግሪኮች አጠራር ኢትዮጵያዊ ማለት ከግብፅ በስተ ደቡብና በምድር ዳርቻ የሚኖር፣ ፊቱ ፀሐይ ያጠቆረው ሕዝብ በመሆኑ ስሙን ከዛሬዋ አገራችን ወሰን ጋር አንድ ማድረግ አይገባም። ኢትዮጵያውያኑ የተቀረጹበትን ምክንያት ጳውሳንያስ ራሱ መገመት እንደማይችል ጽፏል፤ አንዳንዶች ኢትዮጵያውያን የሚኖሩት በውቅያኖስ ዳር ነው፣ ውቅያኖስም የኔመሲስ አባት ነው የሚል ምክንያት ቢያቀርቡም አልተቀበላቸውም። ያም ሆኖ ለእያንዳንዱ ድርሻውን የምታድለው እመቤት በእጇ ከያዘችው ጽዋ ላይ ይህ ስም መገኘቱን የአገራችን አንባቢ ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ቃሉን ከእንግሊዝኛ የስፖርት ዘገባ ገልብጦ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ደግሞ ቢያንስ ይህን ያህል ወደ ኋላ ሄዶ ቢያነብ መልካም ነው።

በኋለኛው ዘመን፣ በተለይም በሮማውያን ጊዜ፣ ኔመሲስ የክንድ መለኪያ፣ ልጓምና መንኮራኩር ይዛ ትሣል ጀመር። ይህን ሥዕል ለአማርኛ ተናጋሪ ማብራራት አያስፈልግም። የታበየውን ሰው አንድ ነገር ሲገጥመው «ልክ አስገባው» እንላለን፤ «ልጓም የሌለው አፍ» እንላለን፤ ቀን ዞሮበት ያየነውን ግፈኛም «የእጁን አገኘ» እንለዋለን። መለኪያው፣ ልጓሙና የዞረው ቀን በቋንቋችን ውስጥ ተሟልተው አሉ። ስለዚህ የጥንቱን ኔመሲስ በአማርኛ ለመጥራት የሚሻ ሰው «ልክ አስገቢ» ቢላት ከሥሯ አይርቅም፤ ትርጉሙም ለገበሬውም ለምሁሩም እኩል ይገባል።

ታዲያ ይህች ልክ አስገቢ እንዴት የማይሸነፍ ባላንጣ ሆነች? መንገዱ በሁለት ነገሮች ይታየኛል። አንደኛው «አድራስቴያ» የሚለው ሌላ መጠሪያዋ ነው፤ ፍቺው ሮጠው የማያመልጧት ማለት ነው። የማይታመለጥ ቀጪ ከማይሸነፍ ተጋጣሚ አንድ እርምጃ ብቻ ይርቃል። ሁለተኛው ነገር ከትግል ሜዳ ጋር የነበራት ቅርበት ነው፤ በሮማ ግዛት ውስጥ ሰዎች በሚዋጉባቸው የትዕይንት ሜዳዎች የኔመሲስ መቅደሶች ይሠሩ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር ቼስተር በምትባል ከተማ በተቆፈረ እንዲህ ባለ ሜዳም አንድ የመቶ አለቃ ለእርሷ ያቆመው መሠዊያ ተገኝቷል። ተዋጊው ወደ ሜዳ ከመግባቱ በፊት ወደ እርሷ ይጸልይ የነበረው በዚያ ቀን የሚታደለውን ድርሻ ስለሚፈራ ነው። ቃሉ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ በመጀመሪያ የአምላኳን ስም፣ ቀጥሎም ለበደል የሚከፈለውን ዋጋና ዋጋውን የሚያስከፍለውን ሰው ያመለክት ነበር፤ አንድ ሰው ሊረታው ያልቻለውን ባላንጣ ማመልከቱ በሰፊው የተለመደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

በዚህ ጉዞ የተጣለው በደል ነው። የጥንቱ ኔመሲስ የሚመጣበት ሰው አንድ ያጠፋው፣ አንድ ያለፈው ልክ አለ። የዛሬው ግን ምንም ሳይበድል ይሸነፋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን እናስብ። በ1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሊምፒክ፣ በ1989 ዓ.ም. በአቴና፣ በ1991 ዓ.ም. በሴቪያ የዓለም ሻምፒዮና፣ በመጨረሻም መስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኃይሌ አንደኛ፣ ቴርጋት ሁለተኛ ሆነዋል። በሲድኒ የለያቸው ከአንድ ሰከንድ መቶ እጅ 9 እጅ ብቻ ነበር። የዛሬው እንግሊዝኛ ኃይሌን የቴርጋት ኔመሲስ ቢለው በራሱ ልማድ አልተሳሳተም። እኛ ግን ቃሉን «ዋጋውን የሰጠው» ወይም «የእጁን ያስገኘው» ብለን ብንተረጉመው በዚያ ታላቅ ሯጭ ላይ በደል መፈጸም ይሆንብናል፤ ቴርጋት ምን ታበየ? ማንን ናቀ? በመሙ ላይ ያለውን ሁሉ ሰጥቶ በአንድ እርምጃ የተቀደመ ሰው ነው።

ከዚሁ ምሳሌ ሌላ ነገርም ይወጣል፤ የደብዳቤዬም ዋና ነጥብ ይኸው ነው። ኃይሌ ለቴርጋት የማይረታ የነበረው በዚያ ርቀት፣ በታላላቅ የመም ውድድሮች ነው። በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ቴርጋት እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1999 አምስት ጊዜ ተከታትሎ ሲያሸንፍ ኃይሌ ያንን ውድድር አንድም ጊዜ አላሸነፈም። እ.ኤ.አ. በ1997 የኃይሌን የ10,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን የሰበረውም ቴርጋት ነበር። ስለዚህ «ኔመሲስ» የተባለው ሰው ለዓለም ሁሉ የማይሸነፍ ሳይሆን ለአንድ ለተወሰነ ሰው፣ በአንድ በተወሰነ ሜዳ የማይሸነፍ ነው። ቃሉ ሁልጊዜ «የማን?» የሚል ጥያቄ ያስከትላል። «አይበገሬ»፣ «አይደፈሬ»፣ «አይነኬ» የሚሉት የአማርኛ ቃላት ግን ባለቤት አይጠይቁም፤ አይበገሬ ማለት ለማንም የማይበገር ነው። «ወደር የለሽ»ም እንደዚሁ ነው፤ «ተወዳዳሪ» ከዚያው ሥር ስለተገኘ ወደር የለሽ የሆነ ሰው በቃሉ ጥብቅ ፍቺ ተወዳዳሪም የለውም። «ኔመሲስ»ን «አይበገሬ» ብለው የሚተረጉሙ ዘጋቢዎቻችሁ የቃሉን ግማሽ ይይዛሉ፤ የማን የሚለውን ይጥላሉ።

አማርኛ በዚህ ረገድ ድሃ አይደለም፤ ችግሩ ያሉንን ቃላት ደረጃ ሳንለይ መበተናችን ነው። «ተጋጣሚ» በዚያ ቀን ፊት ለፊት የቆመ ብቻ ነው፤ ቅንዓትም ቂምም የለበትም። «ተፎካካሪ» ከፉከራ የመጣ በመሆኑ ሁለቱም እኔ እበልጣለሁ የሚሉ መሆናቸውን ይናገራል። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በፖለቲካው «ተቃዋሚ ፓርቲ» የሚለው በ«ተፎካካሪ ፓርቲ» ሲተካ እንዳየነው አንድን ቃል በሌላ መለወጥ የነገሩን መንፈስ ለመለወጥ መሞከር ነው። «ተቀናቃኝ» አንድ ወንበር ወይም አንድ ዋንጫ ለሁለት የሚፈልጉትን ይመለከታል። «ባላንጣ» ከዚህ ይከብዳል፤ ፉክክሩ የቆየና ወደ ልብ የገባ መሆኑን ያሳያል። «ባላጋራ» የችሎት ሽታ አለው፤ በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 25 ከባላጋራህ ጋር በመንገድ ሳለህ ፈጥነህ ተስማማ ሲባል የሚነገረው ስለ ተከሳሽና ስለ ከሳሽ ነው፤ በጴጥሮስ መልእክት ዲያብሎስ በዚሁ ስም መጠራቱም የሰው ከሳሽ ስለሆነ ነው፤ በግሪኩም በሁለቱ ስፍራ የገባው ቃል አንድ ነው።

«ደመኛ» ግን ከዚህ መሰላል ውጭ መቀመጥ አለበት፤ በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ደመኛ በሁለት ቤቶች መካከል ደም ሲፈስ፣ ሰው ሲሞት፣ ሽማግሌ ገብቶ ካሣ እስኪቆርጥና እስኪያስታርቅ ድረስ የሚኖር ስም ነው። በስሙ የተነሣ ከአገሩ የተሰደደ፣ ልጆቹን ሳያይ ያረጀ ብዙ ሰው በዚህች ከተማ ይኖራል። ሁለት የእግር ኳስ ቡድኖች የቱንም ያህል ቢፎካከሩ በመካከላቸው ደም የለም። ቅዱስ ጊዮርጊስና ኢትዮጵያ ቡና በሚጋጠሙበት ቀን ከመስቀል አደባባይ እስከ ለገሃር ያለውን መንገድ የሞላው ወጣት ከዚያ በፊት በነበረው ማለዳ በጋዜጣ ርእስ ላይ «ደመኞቹ» የሚል ካነበበ፣ ቃሉ እንዲሁ በወረቀት ላይ አይቀርም። ልጁ ቃሉን ይዞት ወደ መቀመጫው ይገባል። በዚህ ጉዳይ ጋዜጣ ለሽያጭ ሲባል የሚደፍረው ነገር ሊኖር አይገባም።

እንግዲህ ለአንድ ሰው ብቻ የማይረታ፣ በደልንም ደምንም የማያነሳ፣ ለባለቤቱ የተለየ ቃል ከየት እናምጣ? የእኔ አሳብ «የጎን ውጋት» የሚለው ነው። ሕዝቡ «እገሌ የጎን ውጋት ሆነበት» ሲል ባለቤቱ አብሮ ይነገራል፤ ውጋት ያለ ሰው ጎን አይኖርምና። የቆየና የሚመላለስ መሆኑም በውስጡ አለ፤ የተወጋው ሰው ጥፋተኛ ነው አይልም፤ የሚወጋውም ጨካኝ ነው አይልም። ሯጭም ውጋትን በአካሉ ያውቀዋል። አንድ ጉድለት እንዳለበት አልሸሽግም፤ ውጋት ያሠቃያል እንጂ የግድ አያሸንፍም። ስለዚህ ጉዳዩ ሲጠይቅ «ሊረታው ያልቻለው የጎን ውጋት» ቢባል ፍቺው ይሞላል። «የእግር እሳት» የሚለውም ቅርብ ነው፤ ነገር ግን አርበኞች ለጠላት ጦር የሆኑትን ስለሚያስታውስ ለጦርነት ታሪክ ቢተው እመርጣለሁ።

ሁለቱን ትርጉሞች አንድ ላይ የሚያሳይ ምሳሌ ከቤታችን አጠገብ አለ። የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር በ1949 ዓ.ም. በካርቱም በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች፤ በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ደግሞ በዚያው ውጤት ደገመች። በእነዚያ ዓመታት ግብፅ የቡድናችን የጎን ውጋት ነበረች ማለት ትክክለኛ አማርኛ ነው። በጥር 1954 ዓ.ም. ግን እዚሁ በመካከለኛው አዲስ አበባ ስታዲየም፣ መደበኛው ጊዜ 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በተጨማሪው ሰዓት ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለች። የዚያን ቀን ኢትዮጵያ ለግብፅ ኔመሲስ ሆነች ማለት ይቻላልን? በአዲሱ ትርጉም አይቻልም፤ አንድ ድል የማይረታ ባላንጣ አያደርግምና። በጥንቱ ትርጉምም ቢሆን ግብፆች ዋንጫው የእኛ ብቻ ነው ብለው ታብየው እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ ያለው ብቻ ሊለው ይገባል፤ ያለበለዚያ መልካም ተጫውተው ያሸነፉ፣ መልካም ተጫውተውም የተሸነፉ ሰዎችን ታሪክ ወደ ኃጢአትና ቅጣት እንለውጠዋለን።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ሦስት ነገር እንዲያስብልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። «ኔመሲስ» የሚለውን ስም ስለ አምላኳ ወይም በትዕቢቱ ስለ ወደቀ ሰው በሚነገርበት ጽሑፍ ብቻ፣ ከአጭር ማብራሪያ ጋር ተጠቀሙበት፤ በስፖርት ገጽ ለአንድ ቡድን አልረታ ያለውን ሌላ ቡድን የጎን ውጋቱ በሉት፤ «ደመኛ» የሚለውን ከስፖርት ርእሶች ፈጽማችሁ አንሡ። ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ገጠር የመጡ አንባቢዎችም በየአካባቢያቸው ለእንዲህ ያለው ባላንጣ የሚነገር ሌላ ቃል ካለ በዚሁ ዓምድ ቢልኩ፣ ከእኔ የተሻለ ምርጫ ሊገኝ ይችላልና ደብዳቤዎቻቸውን እንድታትሙ አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የዘወትር አንባቢያችሁ
ስታዲየም አካባቢ፣ አዲስ አበባ